በቀይ ጨርቅ የተሰፋች ፊደል

ዶን ፍላቢያኖ ቾኬ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው የቆርቆሮ ማዕድን የሚወጣበት ዋሻ ደጃፍ ላይ አንድ ሰሌዳ አገኙ። «አትግቡ» ይላል። ማንበብ አይችሉምና ጃኬታቸውን ሰቀሉበትና ገቡ። ናዳው ሲወርድ ጓደኞቻቸው ከነሕይወታቸው አወጧቸው፤ ግራ እግራቸው ግን እዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ በቦሊቪያዋ ኦሩሮ ከተማ የአንድ ማተሚያ ቤት ጠራጊ ሆኑ። ፊደል የቆጠሩት አርባን ካለፉ በኋላ፣ ተበላሽቶ ከተጣለ ወረቀት ላይ ነው። እያደር አራሚ ሆኑ። አሠራራቸው የራሳቸው ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩን ከመጨረሻው ቃል ወደ መጀመሪያው ያነቡታል። ከፊት የጀመረን ሰው ሐሳቡ ይጎትተዋል፣ ስህተቱን ዘሎ ያልፋል ይላሉ።

አንድ ዓመት የማዕድን ሠራተኞች መበለቶች የስፌት ማኅበር ለሰልፍ ባነር አዘጋጀ። ፊደሎቹን ከቀይ ጨርቅ ቆርጣ የሰፋችው አበልጃቸው ፕሪሚቲባ ነበረች፤ መጻፍ የተማረችው በዚያው ዓመት ነው። በሰልፉ ዋዜማ ዘርግታ አሳየቻቸው። ከመጨረሻው ጀምረው መጀመሪያው ቃል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። በስፓኒሽ «እንሰፋለን» የሚለው ቃል «ኤሴ» በሚባለው ፊደል ይጻፋል። እሷ «ሴ» በሚባለው ሌላ ፊደል አድርጋዋለች። በእኛ አፍ ሁለቱ አንድ ድምፅ ናቸው፤ በ«ሴ» ሲጻፍ ግን ቃሉ «እንቀቅላለን» ይሆናል።

ነገሩ ከበዳቸው። ዝም ቢሉ ነገ ከተማው ይስቅባታል፤ ቢናገሩ ደግሞ ተከፍታ ዳግመኛ ብዕር ላትነካ ትችላለች።

«አበልጄ፣ ስፌቱ እንከን የለውም» አሏት። «ብቻ ነገ ሕዝቡ ሳህን ይዞ እንዳይከተልሽ።»

ሲያስረዷት አብረዋት ከነበሩት የማኅበሩ ሴቶች አንዷ ድንቹ የታለ ብላ ሳቀች። ፕሪሚቲባ አቀረቀረች።

«ደንቆሮ ነኝ ማለት ነው፣ አበልጅ?»

«ጆሮሽማ ልክ ነው የሰማው። እንዲህ የሚሳሳተው የሚጽፍ ሰው ብቻ ነው። የማይጽፍማ ምኑን ይሳሳታል?»

ፕሪሚቲባ ቀና አለች። ከዚያ መቀስ አንስታ ፊደሏን ፈታች። ዶን ፍላቢያኖ አዲሷን ሊቆርጡላት እጃቸውን ቢዘረጉ፣ «ይተዉት፣ መርፌው የእኔ ነው» ብላ ከለከለቻቸው። በማግስቱ ባነሩን ከፊት የያዘችው እሷ ነበረች።

ዛሬ የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ የምትጽፈው ፕሪሚቲባ ናት። አሁንም ትሳሳታለች፤ አሁንም ለእርማት ታመጣለች። ዶን ፍላቢያኖ በዕድሜያቸው ትልቁ ነገር ምን እንደነበር ሲጠየቁ እንዲህ ይላሉ፦

«ያረምኩት ብዙ ነው፤ እሱ ሥራዬ ነው። የምኮራው ግን ስህተቱን ነግሬው መልሶ በሚጽፍ ሰው ነው።»