የስምንት ሰዓቱ ቀጠሮ

ባለፈው ማክሰኞ ጥርሴን ልታይ ጉርድ ሾላ ሄጄ የተሰጠኝ የቀጠሮ ወረቀት ደሜን አፈላው። «8:00 ሰዓት» ይላል። ከግርጌው «በሰዓትዎ ይገኙ፤ እግዜር ይማርዎ» የሚል ጽሑፍ አለ። ያቺን ምርቃት የጻፍኳት እኔ ነኝ፤ በሃያ አራት ዓመቴ።

ያኔ ለክሊኒኮች ፕሮግራም የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሬ ነበር። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ የቀድሞውን ፕሮግራም እንዳለ ገልብጠን ስምና አርማ እንቀይራለን፤ አለቀ። የመጀመሪያው ደንበኛችን ቦሌ ያለ የውጭ ሰዎች ክሊኒክ ስለነበር ሰዓቱ በፈረንጅ ነበር፤ የእኛን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት «8:00» ብሎ ያትማል። ቅጂው ሁሉ ያንኑ ይዞ ወጣ። ሲኤምሲ ያለ አንድ ክሊኒክ ስለ ሰዓቱ ሲጮህ ሄጄ የእነሱን ብቻ አረምኩ።

አለቃዬን መስፍንን ለመንኩት። «ስህተቱ በሁሉም ቅጂ ውስጥ አለ። የጋራውን አንድ ቦታ እንሥራ፤ ሰዓቱንና ቋንቋውን፣ እንደየክሊኒኩ የሚለያየውን፣ ለብቻ እናውጣው። አንዴ ስናርም ሁሉም ይታረማል።»

የተጠበሰ በቆሎውን እየፈለፈለ፣ «ሌሎቹ መቼ ጮኹ?» አለኝ። «ይልቅ አዲሱን ደንበኛ አድርስልኝ።»

አደረስኩ። ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ ከበቆሎው ተካፍዬ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

በነሐሴ ጭቃ ጉርድ ሾላ ካለ ሌላ ደንበኛችን ዘንድ ማተሚያ ላስተካክል ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ገቡ፤ ከቦሌ ቡልቡላ ዝናብ እየመታቸው ነው የመጡት። የዓይን ሐኪሙ በወር አንድ ቀን፣ ያውም ጠዋት ብቻ ነበር የሚመጣው። ሄዷል።

«ስምንት ሰዓት ይላል እኮ!» ልጅቷ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መታችው። «ገና ሩብ ጉዳይ ነው!»

«ተይ ልጄ» አሉ ሽማግሌው፣ «እኛ ይሆናል የተሳሳትነው።»

እኔ ነኝ አባባ ማለት አቃተኝ። ማተሚያው ላይ አጎንብሼ ቀረሁ። በወሩ ሲመለሱ ግራ ዓይናቸው ጨርሶ እንደጠፋ ከካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ሰማሁ። ያን ቀን ቢታዩ ይተርፍ እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ፈራሁ። የዚያን ክሊኒክ ቅጂ ግን አረምኩ። የእነሱን ብቻ።

ይኸው ስንፍናችን ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ እዚህ ጥርስ ክሊኒክ ደርሷል፤ ከነምርቃቴ።

«ይሄ ስምንት ሰዓት የቱ ነው?» አልኳት የጥርስ ክሊኒኳን ልጅ።

«ከጠዋቱ ሁለት ነው ጋሼ። ለጠየቀ ሰው እንነግራለን።»

ላልጠየቀስ? እስክሪብቶዋን ተቀብዬ ስምንቱን ሰረዝኩና «ከጠዋቱ 2» ብዬ ጻፍኩበት። ከኋላዬ ቆመው የሰሙ አንዲት እናት «እስቲ ለኔም» ብለው ወረቀታቸውን ዘረጉልኝ። ለእሳቸውም ጻፍኩ። በዚህ ዕድሜዬም የማርመው አንድ በአንድ ነው።