ከተዘጋው በር ጀርባ የሚዘፍነው ሸክላ

ይህ ነገር መጻፍ ይገባዋል ወይ እያልኩ ብዙ አመነታሁ። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ሥራዬም የእሑድ ከሰዓት ሥራ ነው። ጋሽ ከድር ግን «ጻፊው፤ ከአንቺ በኋላ ለሚመጣው ይጠቅማል» አሉኝ።

ጋሽ ከድር በስደት በምንኖርበት አገር፣ ፎርድስበርግ በሚባል የንግድ ሰፈር ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጣሉ። እሑድ እሑድ ከመጋዘኑ በላይ ባለው ክፍል ፊልም ያሳያሉ። ማይክ ይዘው ከተመልካቹ ኋላ ይቀመጡና የተዋናዮቹን ንግግር ሁሉ በአማርኛ ያሰማሉ። ጉሮሯቸውን ሲያማቸው እዚሁ አገር ጀርሚስተን ያደግኩትንና እንግሊዝኛውንም የአገሩንም ቋንቋ የምችለውን እኔን ቀጠሩኝ።

የመጀመሪያ ቀን የደረሰኝ ፊልም ድምፅ ገና በጀመረበት ዘመን የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ የወንበዴ ታሪክ ነበር።

«ጋሼ፣ ምነው ይህን ያህል አሮጌ?»

«የድሮ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ለጀማሪ ይመቻል።»

በፊልሙ ውስጥ ወንበዴው ክፍሉን ቆልፎ በመስኮት ይወጣና ባንክ ይዘርፋል። ግብረ አበሩ ውስጥ ሆኖ የዘፈን ሸክላ እየገለበጠ ያስዘፍናል። አከራይዋ ዘፈኑን ሰምታ «ሰውየው ከክፍሉ አልወጣም» ብላ ለፖሊስ ትምላለች።

ዘፈኑ ሲጀምር ዝም ማለት ፈራሁ። «አሁን ውስጥ ተቀምጦ ሙዚቃ እየሰማ ነው» አልኩ። ጋሽ ከድር ማይኩን በመዳፋቸው ከደኑት።

«መቀመጡን አየሽ?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ዝም በይ። ዘፈኑ ራሱ ይናገር።»

«ጋሼ፣ ልጅቷን ይተዋት!» አለ ከፊት አንዱ። «ወንበዴው ራሱ እንደ እርስዎ አያስፈራም!»

ፊልሙ አልቆ ሰው ሲወጣ እህት ማርታ ከወንበሯ አልተነሣችም። ዳቬይተን በሚባለው ሰፈር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የመንደር ሱቅ አላት፤ ታናሽ ወንድሟ ዮናስ አብሯት ይሠራል። በዚያ ሰሞን የጎረቤታቸው የኤርሚያስ ሱቅ ማምሻውን ተሰብሮ ሲጋራ ተወስዶ ነበር፤ ኤርሚያስም ዮናስን ጠረጠረ። ዮናስ «ጓዳ ነበርኩ» ብሏል። በማግስቱ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ጥፋተኛ ካሉት ሰፈሩን ይለቃል።

«ጓዳ ነበር ብዬ ልምልለት ነበር» አለች። «ግን እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ በፍርግርጉ ስሸጥ ነበር። ከኋላዬ የሰማሁት መዝሙር ነው። መዝሙሩ ደግሞ ከስልኩ ነው።»

«የሰማሽውን ተናገሪ፣ እህቴ» አሏት ጋሽ ከድር።

«ቢያባርሩትስ? ከእሱ ሌላ ማን አለኝ?»

ጋሽ ከድር «ብርድ ነው» ብለው አንድ ብርድ ልብስ ትከሻዋ ላይ ጣሉላት። እኔንም አብሬያት እንድሄድ ነገሩኝ።

በማግስቱ ማርታ ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች። «መዝሙር ሰማሁ። እሱን ግን አላየሁትም» ብላ አለቀሰች።

ዮናስ ብድግ አለ። «እቴ፣ በቃ፣ አታልቅሺ። ጓዳ ያለሁ እንዲመስልሽ መዝሙሩን በስልኬ ከፍቼ ትቼ በጓሮ ወጥቼ ነበር። ታንዲ ቤት ነበርኩ።»

ታንዲ ከመንገዱ ማዶ የምትኖር የዙሉ ልጃገረድ ናት። እናቷ ተጠርታ መጣች። አንደኛው ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ዙሉኛ ትችያለሽ አሉ፤ አስተርጉሚልን» አሉ።

«እስከ ሱቅ መዝጊያ ድረስ ቴሌቪዥኔን ሲጠግን ነበር» አለች እናትየው።

«ጠገነው?» አሉ ሽማግሌው።

«የት ይጠግናል! መክፈትም አቃተው። አንድ ድስት የፓፕ ገንፎ ግን ጨርሶልኛል።»

ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተረጎምኩ። መጀመሪያ የሳቀው ኤርሚያስ ነበር። «ቴሌቪዥን መክፈት ያቃተው የእኔን ቁልፍ አይሰብርም» አለና ዮናስን አቅፎ ይቅርታ ጠየቀው።

ማርታ የወንድሟን ጆሮ ያዘች። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ትቆጪኛለሽ ብዬ ነዋ።»

«እቆጣሃለሁ!» አለች። ወዲያው ብርድ ልብሱን ከትከሻዋ አውርዳ ለታንዲ እናት ደረበችላት።

ሲጋራውን ማን እንደወሰደው እስካሁን አልታወቀም። እኔ ከሥራው የያዝኩት ይህን ነው፦ አስተርጓሚ ያልሰማውን ከራሱ አይሞላም።

የዮናስ ነገር ያበቃው ባለፈው ሰኔ፣ በመጀመሪያው ሰኞ ነው።