ገበያ ሄዳለች

እኅቴ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። አገሩ ዱዳ ይላታል፤ በመሥሪያ ቤት ቅጽ ላይ ደግሞ መስማት የተሳናት ተብላ ትጻፋለች። እኔ ግን እንደሷ ወሬ የማያልቅበት ሰው አላየሁም። ሁለታችን በእጃችን ማውራት ከጀመርን ማንም ጣልቃ መግባት አይችልም። ቋንቋውን ያስተማረን ሰው የለም። እሷ ጀመረችው፤ እኔ ደግሞ አፌን ስፈታ እጄንም አብሬ ፈታሁ።

ቃሎቻችን ከቤታችን ወጥተው አያውቁም። እናታችን ማለት ሁለት ጣት አንገት ላይ ማሻገር ነው፤ አንገቷ ላይ ንቅሳት ስለነበራት። አባታችን ማለት ጡጫን አገጭ ሥር ማስደገፍ ነው፤ በማኅሌት መቋሚያቸውን ተደግፈው ስለሚቆሙ። ገበያ ማለት ደግሞ አፍንጫን በእጅ ጀርባ መጥረግ ነው። እናቴ ቡሬ ገበያ በርበሬ ትሸጥ ነበር። ወደ ቤት ስትመለስ ነጠላዋ ላይ የቀረው ብናኝ ሁላችንንም ያስነጥሰናል፤ ቃሉ የወጣው ከዚያ ነው። ለውጭ ሰው ግን አፍንጫቸውን የሚጠርጉ ሁለት ልጆች ነን።

እናቴ በትውልዷ የአዊ ሰው ናት። ቤት ውስጥ አማርኛ ነበር የምትናገረው፤ አገውኛዋን የምታወጣው ገበያ ላይ አጠገቧ በርበሬ ለምትሸጥ አንዲት ወዳጇ ብቻ ነበር። እኔ ሁለት ጆሮ እያለኝ ከአገውኛ ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልያዝሁም። እኅቴ ግን ከሩቅ አይታ እናቴ የቱን ቋንቋ እንደምትናገር ታውቅ ነበር። በአገውኛ ስታወራ ትከሻዋ ይወርዳል አለችኝ አንድ ቀን። ልብ ብዬ ሳይ እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲህ አገውኛ ለማለት ትከሻችንን ዝቅ እናደርጋለን።

በእጃችን አንቱታ የለም። ጎጃም ውስጥ ትልቅ ሰውን አንተ ማለት ነውር ነው፤ እኛ ግን ያለን አንድ ጣት ነው፣ ለጥጃውም ለአባታችንም ያው ይቀሰራል። አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። በተማሪዎቻቸው ፊት ልጃቸው ጣቷን ስትቀስርባቸው ደስ አይላቸውም ነበር። በዚያ ላይ ቀጥ ያለ ንግግር ይጎረብጣቸዋል። ውኃ ሲጠማቸው እንኳ «ምነው፣ እዚህ ቤት ምንጩ ደረቀ?» ይላሉ እንጂ ውኃ ስጡኝ አይሉም። ለሳቸው ነገር ሁሉ ሰም ሊኖረው ይገባል፤ ወርቁን ሰሚው ይፈልገው ባይ ናቸው። የእኅቴ ቋንቋ ሰም የለውም። በሬ ካለች በሬ ነው።

ለሞት ግን ቃል አልነበረንም። በግ ሲታረድ እጃችንን ጉሮሯችን ላይ እናሳልፋለን፤ ያ ለከብት ነው። ሰው ሲሞት እሷን ጓሮ ከጥጆቹ ጋር ያስቀሯታል፤ ትደነግጣለች እያሉ። ስለዚህ ስለ ሰው ሞት አውርተን አናውቅም። ያስፈልገናል ብዬም አስቤ አላውቅም ነበር።

አምና በጥር አክስቴ እኅቴን ይዛት ግሽ ዓባይ ጸበል ሄደች። አክስቴ ተስፋ አትቆርጥም፤ በየዓመቱ ዘንድሮ ጆሮዋ ይከፈታል ትላለች። እኅቴ ደግሞ የምትሄደው ሰው ለማየት ነው። ሁለት ሱባዔ ሊቆዩ ነበር አሳባቸው። በሄዱ በዘጠነኛው ቀን እናቴ በርበሬ ከምታሰጣበት ወደቀች። እኔ ፍኖተ ሰላም መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ ሆስፒታል ድረስ አምጥተዋት ደረስሁባት። አላወቀችኝም። በማግስቱ ሞተች።

ምንም አልተሰማኝም። ይህን የምለው ለመመጻደቅም ራሴን ለመውቀስም አይደለም፤ የሆነው ይኸው ስለሆነ ነው። አስከሬኑን ይዘን ወደ አገር ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሳስብ የነበረው የመድኃኒት መደርደሪያውን ሳልቆልፍ መምጣቴን ነው። ቀብሩ ላይ ሴቶቹ ደረት ሲደቁ እኔ ቆሜ የሰዎቹን ጫማ አይ ነበር። «ይች ልጅ ምነው እንዲህ ደረቀች?» ሲባል ሰምቻለሁ። እኔም ምነው እንዲህ ደረቅሁ እያልሁ ነበር።

ለአክስቴ በስልክ ተነገራት። ሱባዔው እስኪያልቅ እኅቴ እንዳታውቅ፣ ሲመለሱም ቡሬ አክስቴ ቤት አድረው በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ መርዶው እንደ ደንቡ በሽማግሎች እንዲነገር ተወሰነ። መርዶ ሲነጋጋ ነው የሚነገረው፤ ያዘነ ሰው ቀኑን ሙሉ ሰው ይኖረዋል ተብሎ። ዋዜማውን አባቴ ጠሩኝ።

«ሽማግሎቹስ ይሄዳሉ፤ ደንብ ነው» አሉ። «ቋንቋዋን የምታውቂው ግና አንቺ ነሽ፤ አብረሽ ትሄጃለሽ።»

«እሽ አባባ።»

«ሸፈን አድርገሽ ንገሪያት፣ ልጀ። እንደ ዱላ አትጣይባት።»

እሽ አልሁ። በምን እንደምሸፍነው አልጠየቅኋቸውም፤ ቢጠየቁም አያውቁትም።

ሦስት ሽማግሎች ነበሩ። እኔ ጥቁሩን ቀሚሴን በጋቢ ሸፍኜ ከኋላ ገባሁ። እኅቴ መደብ ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን ታበጥራለች። ስታየኝ ማበጠሪያውን ጥላ ተነሣችና ሳመችኝ፤ ወዲያውም ወሬዋን ጀመረች። ውኃው እንዴት እንደሚበርድ፣ አንዲት ወፍራም ሴት ጸበሉ ሲነካት እንዴት እንደዘለለች። አክስቴ ፊቷን ወደ ጓዳው አዙራ ቆማለች።

ከሽማግሎቹ ታላቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንደማትሰማቸው ያውቃሉ፤ ነገር ግን ደንቡን አላጓደሉባትም፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ ነገሯት። «ልጀ፣ ሰው እንግዳ ነው። እንግዳ ደሞ መሽቶበት ቢያድር እንጅ ቤቱ መሄዱ አይቀርም። እግዜር የሰጠውን እግዜር ሲወስድ ምን ይባላል» አሉ። እኅቴ በትሕትና ጢማቸውን እያየች ጠበቀቻቸው። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞራ ጣቶቿን አፏ ላይ ከፈት ከደን አደረገች። ምን እያሉ ነው?

ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አሻገርሁ። እናታችን። ከዚያ እጄ አየር ላይ ቀረ። የምለው ፈለግሁ፤ ያገኘሁት ጉሮሮ ላይ የሚያልፈውን የበጉን ቃል ብቻ ነው። እሱን ለእናቴ ማለት አልቻልሁም። ሸፈን አድርገሽ ያሉኝም ትዝ አለኝ። እጄ ወደ ላይ ወጥቶ አፍንጫዬን በጀርባው ጠረገ።

ገበያ ሄዳለች።

አንደኛው ሽማግሌ ነገረቻት ብለው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። እኅቴ ግን አላየቻቸውም፤ ጫማዋን ፍለጋ ጎንበስ ብላ ነበር። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ ገበያውም ከአክስቴ ቤት ሩቅ አይደለም። እኔ ደግሞ በእጄ ዋሽቻት አላውቅም። በአፌ ለስንቱ ዋሽቻለሁ፤ በእጄ ግን እንዴት እንደሚዋሽም አላውቅም ነበር። ከመካከላችን የሚያስቆማት ሰው ሳይገኝ በሩን ከፍታ ወጣች።

ተከተልኋት። ገበያው ገና ባዶ ነበር። ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር ከእናቴ ቦታ ሄዳ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ ተቀመጥሁ። እየሄደች ሳለ ክንዷን ይዤ አዙሬ ልነግራት እችል ነበር። ተቀምጠንም እችል ነበር። እጆቼን ጋቢዬ ውስጥ ከትቼ ቁጭ አልሁ። ወሬዋን ካቆመችበት ቀጠለች፤ እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማኋት፣ ማየት መስማት ከተባለ።

ፀሐይ ወጣች። አህዮች መጡ፣ ባጃጆች መጡ፣ ጆንያ ተዘረገፈ። በርበሬው ከፊታችን ተቆለለ፤ ሰው ሁሉ ያስነጥሳል። እኅቴ ሰው ባለፈ ቁጥር አንገቷን ሰገግ ታደርጋለች። መሀል ላይ እናታችን ዘገየች አለችኝ፤ አዎ አልኋት። ይህን ስላት ልቤ መታ ማለት ነበረበት፤ አልመታም። የወፍጮው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የስልክ ካርድ ማስታወቂያ አነብ ነበር፣ ደግሜ ደግሜ።

አራት ሰዓት ገደማ የእናቴ ወዳጅ ጆንያዋን አዝላ መጣች። ቀብሩ ላይ ነበረች፤ እናቴ መሞቷን ታውቃለች። እኅቴን እዚያ ቦታ ላይ ተቀምጣ ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች። ጆንያዋን አውርዳ ጣለችው። ከዚያ እኔንም እኅቴንም ትታ፣ እናቴ ትቀመጥበት የነበረውን መሬት እያየች በአገውኛ መናገር ጀመረች። ድምፅዋ አልጮኸም። እንደማንኛውም የገበያ ቀን የምታወራት ነው የምትመስለው። ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኅቴ ያየችው ትከሻዋን ነው። ትከሻዋ ወርዷል። ይህች ሴት ትከሻዋ የሚወርደው ከእናታችን ጋር ስታወራ ብቻ ነው፤ እናታችን ደግሞ እዚያ የለችም። እኅቴ ሴትዮዋን አየች፣ ባዶውን መሬት አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

ሁለት ጣቷን አንገቷ ላይ አሻገረች። ቀጥላ ሁለቱን አውራ ጣቶቿን ጎን ለጎን ገጠመችና በሌሎቹ ጣቶቿ በላያቸው የሌለ ክር አዞረች።

ይህን ምልክት አይቼው አላውቅም ነበር። ሆኖም ወዲያው ገባኝ። ሰው ሲገነዝ አውራ ጣቶቹ በክር ይታሰራሉ። ያንን ሁሉ ዓመት ከጥጆቹ ጋር ስናስቀራት በየጎረቤቱ በር ቀዳዳ ስታይ ኖራለች ማለት ነው። እኛ የነፈግናትን ቃል ለብቻዋ ስትጠብቀው ኖራ፣ አሁን እጄ ላይ አስቀምጣ ጠየቀችኝ። እናታችን ሞታለች?

ራሴን ነቀነቅሁ። ራሴን ብቻ።

ዓይኗን ሳትነቅል አየችኝ። ከዚያ ጣቷን ቀሰረችብኝና አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። አንቺ፣ ገበያ። መጀመሪያ ስለ ገበያ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። ደገመችው። አንቺ፣ ገበያ። ከዚያ ጮኸች። የእኅቴ ጩኸት ቃል የለውም፤ ገበያተኛው ሁሉ ሚዛኑን ይዞ ዞረ። የእናቴ ወዳጅ አቅፋት አብራት ወደቀች። እኔ የወለቀ ጫማዋን አንሥቼ ይዤ ቆምሁ።

ለአርባው አገር ቤት ስሄድ ነው ነገሩን በደንብ የተረዳሁት። አክስቴ ወጡ ጨው አልበዛበትም ስትል እኅቴ ቀምሳ አፍንጫዋን ጠረገች። የጎረቤት ሴት በሽታዬ ነው እንጂ ለቀብሩ አልቀርም ነበር ስትል እኅቴ ፊቷን አይታ አፍንጫዋን ጠረገች። በኛ ቋንቋ ገበያ ማለት ውሸት ሆኗል። ለእውነተኛው ገበያ ሌላ ቃል ሠርታለታለች፤ በሚዛን እንደሚመዝን ሰው ሁለት መዳፏን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች።

ለአባቴ ነገርኋቸው። የኔን ጥፋት ጭምር፣ ሳልሸፍን። «ሰሙ ገበያ፣ ወርቁ ውሸት» አሉ። «ተማሪዎቸ ስንት ዓመት ደጅ የሚጠኑበትን እሷ በአንድ ጧት ገባችበት።» ሊስቁ ጀምረው ተዉት። «ሸፈን አድርጊ ያልሁሽ እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ እናቴን እንዴት እንደምንላት ጠየቁኝ። አሳየኋቸው፤ ሁለት ጣታቸውን በነጭ ጢማቸው ሥር አስገብተው አንገታቸው ላይ አሻገሩና ደገሙት። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ መስማት የማይችሉ ልጆችን የሚያስተምር አንድ መምህር መድኃኒት ሊገዛ ይመጣል። በሚያስተምሩት ቋንቋ ሞት እንዴት እንደሚባል ጠየቅሁት። እጁን አገላብጦ አሳየኝ። ጥሩ ቃል ነው፤ የኛ ግን አይደለም። እንደናንተ ያለ ቋንቋ በየቤቱ አለ አለኝ፤ አንድ የማይሰማ ልጅ በተወለደበት ቤት ሁሉ ቋንቋ እንደ አዲስ ይጀመራል፣ ተናጋሪዎቹ ሲያልቁም አብሮ ያልቃል። የኛ ተናጋሪዎች አሁን ሁለት ተኩል ነን፤ አባቴን ግማሽ ካልናቸው።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ አባቴ ቤት ሄዳ በምስል ደወለችልኝ። በመድኃኒት ቤቱ ገዢ አልነበረም። እጄ ነጻ እንዲሆን ስልኩን ከሽሮፕ ካርቶን ጋር አስደገፍሁት። የእኅቴ ፊት መጣ፤ እንዴት ነሽ አለችኝ። መዳፌን ደረቴ ላይ አደረግሁ። ደህና ነኝ። ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው።

ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠግታ አየችኝ። አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

መዳፌን ከደረቴ አነሣሁ። ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አሻገርሁ። አውራ ጣቶቼን ገጠምሁና ክሩን አዞርሁባቸው፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። በእጄ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር። ሁለተኛውን ዙር ሳልጨርስ እንባዬ መጣ፤ ከዓመት በኋላ፣ በሥራ ሰዓት፣ ከባንኮኒው ኋላ። አፍንጫዬም ፈሰሰ። ልጠርገው እጄን አነሣሁና መለስሁት። ብጠርገው ውሸቴን ነው ያልኋት ይመስላታል። እንዲሁ እየወረደ ተውሁት፤ እሷም እያየችኝ ቆየች።