ኤልቤቴልና ባለ ጥልፉ የኮምፒውተር ልብስ

ኤልቤቴል ሲሞን የእኛ ተቀጣሪ አይደለችም። ዲላ ከተማ የሚገኘው ድርጅታችን ወጣቶችን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያዘጋጃል፤ ኮምፒውተሮቹን የሚጠግንለት ግን በውል የያዘው ሌላ ድርጅት ነው፤ እርሷም የምትላከው ከዚያ ነው። የባንኮ ጎቲቲ ቀበሌ ቡና ገበሬ ልጅ ነች። እኔ የበሩ ጥበቃ ነኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም ያየሁትን መጻፍ አያቅተኝም።

እውነቱን ለመናገር አላመንኳትም ነበር። በገባችና በወጣች ቁጥር ካቻቢቴዋን ሳይቀር እመዘግብ ነበር።

ባለፈው ግንቦት ዋናው ኮምፒውተር በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ እየሠራ ሳለ በራሱ ጠፋ። እርሱ ሲጠፋ ከእርሱ ጋር የተገናኙት ሌሎቹ ሃያዎቹ ምንም አያሳዩም። ኤልቤቴል በተጠራች ቁጥር ጤነኛ ሆኖ ታገኘዋለች፤ ስትሄድ ደግሞ ይጠፋል። ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ ስለሆነ፣ ከቡሌ ወረዳ ድረስ የሚመጡት ልጆች ሳይለማመዱ ሊቀርቡ ሆነ። አስተባባሪዋ ወይዘሮ ዘነቡ ቁርጡን ነገሯት፤

«ዓርብ የመጨረሻው ልምምድ ነው። ያን ዕለት ከጠፋ ውሉ ይቋረጣል።»

ረቡዕ ጠዋት ኤልቤቴል ማሽኑን ወደ ሱቃቸው ልትወስድ ታቅፋ በሩ ላይ ደረሰች።

«ማኅተም ያለበት የመውጫ ወረቀትሽስ?» አልኳት።

«ጋሼ ከፈለኝ፣ ወይዘሮ ዘነቡ ቡሌ ሄደዋል እኮ። ማን ይፈርምልኝ?»

«እንግዲያው አይወጣም።»

«ይህን ተሸክሜ ብሮጥ እንኳ አስፋልቱ ጋ ሳልደርስ ይይዙኛል!»

አልሳቅኩም። እርሷም አልለመነችኝም። ማሽኑን መልሳ ቦታው ላይ አኖረች፤ አበራችውና በርጩማ ስባ፣ «እስኪጠፋ አልነሣም» ብላ ተቀመጠች። እኔም ከደጃፉ ሆኜ እርሷን እጠብቅ ጀመር።

አራት ሰዓት ሲሆን የጽዳት ሠራተኛዋ ማንጠግቦሽ ክፍሉን ጠርጋ ጨረሰችና፣ እንደ ልማዷ በማሽኑ ላይ ወፍራም ባለ ጥልፍ ልብስ ጣለችበት። ከጎረቤታችን የቡና መፈልፈያ አቧራ ስለሚነሣ የቤተ ክርስቲያን እናቶች ለኮምፒውተሮቹ የሰፉት ስጦታ ነው። ኤልቤቴል አላነሣችውም። ሰዓት ሳይሞላ ማሽኑ ጠፋ። እጇን ከልብሱ ሥር ሰድዳ ወዲያው መለሰችው።

«ግሎ እጅ አያስነካም! ሁልጊዜ ታለብሺዋለሽ?»

«ታዲያ አቧራ ይብላው? የቤቴ ቴሌቪዥን እንኳ ልብስ አለው።»

«እህት ዓለም፣ ቴሌቪዥንሽን እያየሽ ታለብሺዋለሽ?»

ማንጠግቦሽ አፏን ይዛ ሳቀች። ኤልቤቴል ግን በራሷ ተናደደች፤ በመጣች ቁጥር ልብሱን ገፍፋ ነበርና ሥራ የምትጀምረው፤ ያኔ ማሽኑ ይበርዳል።

ሐሙስ ወይዘሮ ዘነቡ ከቡሌ ተመልሰው ነገሩን ከኤልቤቴል ሲሰሙ ተቆጡ። «የእናቶችን ስጦታ ግፈፉ ነው የምትይኝ? ቢሰሙ ምን እላቸዋለሁ?»

«እኔ ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ሲጠፋ ይልበስ፤ ሲበራ ግን መተንፈስ አለበት። ልጆቹ የሚፈተኑት በጥልፉ አይደለም።»

ወይዘሮ ዘነቡ ተነሥተው ልብሶቹን በገዛ እጃቸው ሰበሰቡ።

ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ኤልቤቴል ከማሽኑ አልራቀችም። ከቡሌ የመጣችው ተማሪ ሮሆቦት የመጨረሻውን መልስ ልካ እስክትነሣ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋም። ወይዘሮ ዘነቡ ውሉ እንደሚቀጥል ሲነግሯት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችና፣ የሃያዎቹን ኮምፒውተሮች ክዳን በየተራ እየፈታች የቡናውን ብናኝ ማራገፍ ጀመረች።