የጅዳ ዋስ

ወደ መካነ ኢየሱስ በሚሄደው አውቶቡስ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት፣ ከገዛ ኮዳዋ ውሃ ለመጠጣት እኔን አስፈቀደችኝ። ደነገጥሁ! ማተብ የሌለው አንገቷን በሻሿ ደጋግማ ትሸፍናለች። ከጅዳ መመለሷ ነው። ለጎረቤት አውራጃ ይለፍ የሚጠይቀን ደርግ፣ ይቺን ልጅ ባሕር ሲያሻግሯት የት ነበር?

«ቀጣሪሽ ዋስ ሆኖሽ አይደል የሄድሽ? ታዲያ ምን ጎደለሽ?» አሏት ከፊት የተቀመጡ ሽማግሌ።

«አይ አባቴ! እኛ አገር ሰው ቢጠፋ የሚታሰረው ዋሱ ነው። እዚያ ግን ፓስፖርቴን ቀምቶ፣ በር ቆልፎ ያሰረኝ ዋሴ ነው።»

«አሁንስ ወዴት ነሽ?»

«እናቴ ቤት። ያው ሰውዬ ለታናሽ እህቴም ዋስ ሊሆናት ነው፤ እናቴ ደስ ብሏት ዛሬ መሸኛ ደግሳለች አሉ።»

«ንዳው እንጂ!» ብዬ ሹፌሩ ላይ ጮህሁ።