የግራውንድ ሽቦ

የያዙኝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እጄ ላይ ፒንሳ ነበር።

በኬንያ ዋና ከተማ፣ ካሳራኒ በሚባል ሰፈር፣ ከቲካ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ለጎልማሶች የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ እናስተምር ነበር። እናስተምር የምለው ብቻዬን ስላልነበርኩ ነው። አዳራሹን የፈቀደልን የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ነው። ሽቦና ሶኬት ኢስሊ ሱቅ ያለው አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ይሰጠናል፤ የሞያሌ ሰው ነው፣ አማርኛውም ስዋሂሊውም እኩል የሚቀናው። ሁርሊንግሃም ምግብ ቤት ያላት የአገሬ ልጅ ደግሞ ትምህርት የጨረሱትን ቤቷን ስታሳድስ ታሠራቸዋለች፣ ለምታውቃቸው ባለ ሕንፃዎችም ታስተዋውቃቸዋለች። ማስተማሩ የእኔና የአንድ ኬንያዊ የቴክኒክ መምህር ድርሻ ነበር። ምዋሊሙ ነበር የምንለው፤ በስዋሂሊ መምህር ማለት ነው። እኔም አዲስ አበባ ሳለሁ በሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ አስተምር ነበር። ከአገሬ ለምን እንደወጣሁ እዚህ አላነሳውም።

ተማሪዎቻችን ጠና ያሉ ሰዎች ነበሩ። ፋብሪካ ያሰናበታቸው፣ ልጅ አሳድገው አሁን ተራዬ ነው ያሉ፣ ጥበቃ አድረው ቀን የሚማሩ። አንዳንዱ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል። ማንም አይስቅበትም።

ያ ሳምንት ወጣቶች ለተቃውሞ መንገድ የወጡበት ሳምንት ነበር። መሀል ከተማው አስለቃሽ ጢስ፣ ሱቁ ዝግ፣ ማታቱ የሚሉት ታክሲ እንደ ልብ የማይገኝ። ምዋሊሙ ስለ ሥራ ማጣት በስልኩ ኢንተርኔት ላይ የሚጽፈውን ብዙ ወጣት ያነበው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት «ዛሬ አልመጣም፣ ክፍሉን ያዢልኝ» ብሎ ላከልኝ። ምክንያቱን አልጠየቅኩትም።

ፖሊሶቹ ሲገቡ ከአንድ ቦታ የሚበራና ከሌላ ቦታ የሚጠፋ መብራት እንዴት እንደሚገናኝ እያሳየሁ ነበር። መጀመሪያ የገባው ሰውዬ ጥቁር ሰሌዳውን አየና ወደ ተማሪዎቹ ዞረ።

«ይህን ስብሰባ የጠራ ማነው?»

«ስብሰባ አይደለም፣ ትምህርት ነው» አልኩት።

«የጠራው ማነው ነው ያልኩት።»

ወደ ምዋሊሙ ባዶ ወንበር ያየ ሰው ነበር። «እኔ ነኝ» አልኩ። ፒንሳውን ከእጄ ወስደው በላስቲክ ጠቀለሉት።

እስር ክፍሉ በር ላይ ጫማ ያስወልቃሉ። ሲሚንቶው ከካልሲ አልፎ አጥንት ውስጥ ይገባል። በረኪናና ሽንት አንድ ላይ ይሸታል። ከላይ፣ እጅ የማይደርስበት ቦታ፣ ፍርግርግ ያለው ጠባብ መስኮት አለ፤ ከሱ ማዶ ማታቱዎች ሙዚቃቸውን ከፍተው ሲያልፉ ይሰማል። እኔ ስገባ ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው እግራቸውን ዘርግተው ነበር። አብዛኞቹ ከሰልፉ የተያዙ ወጣቶች ናቸው። ከንፈሯ ያበጠ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እግሯን ሰብስባ ቦታ ሰጠችኝ። ከጎኗ በእኔ ዕድሜ ያለች ቲማቲም ሻጭ ተቀምጣለች። ሰልፈኛው ሲበተን ቲማቲሟን ከመንገድ ስትሰበስብ ፖሊሶቹ አብረው ጭነዋታል።

«ማማ፣ ምን አድርገሽ ነው?» አለችኝ ተማሪዋ።

«መብራት ማስተማር።»

ልትስቅ ብላ ከንፈሯ አመማትና ተወችው።

እዚያ ተኝቼ ለትምህርቱ ሁላችንም የትብብር ስምምነት የተፈራረምንበትን ቀን አስታወስኩ። የሀብታሞች ሰፈር በሆነው ሩንዳ የሚኖሩ አንድ የዕርዳታ ድርጅት ሰው መጥተው ንግግር አድርገው ነበር። ሰው እስኪሞት መማር እንዳለበት፣ ሰፈር ከትምህርት ቤት፣ ትምህርት ቤት ከነጋዴ ካልተያያዘ ሙያ ሥራ እንደማይሆን ነገሩን። እውነታቸውን ነው። ከጀርባቸው በተሰቀለው ጨርቅ ላይ በእንግሊዝኛ፣ በስዋሂሊና በአማርኛ ተጽፏል። አማርኛው «የዕድሜ ልክ ትምህርት» ይላል። ባለ ምግብ ቤቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እህቴ፣ እኔ ዕድሜ ልክ ሲሉኝ እስራት ነው የሚታየኝ» አለችኝ። እጃችንን አፋችን ላይ አድርገን ሳቅን። ሲሚንቶው ላይ ሳስታውሰው ሳቁ እንደገና መጣ፤ ብቻዬን ስስቅ ተማሪዋ ገልመጥ አድርጋ አየችኝ።

እሑድ ረፋድ ላይ ጠሩኝ። የመረመረኝ ሰው ሹራብ የለበሰ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። ወንበር ሳበልኝ። ሻይ አስመጣልኝ። ከዚያ የስደተኛ መታወቂያዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በጣቱ ቀስ እያለ ያሽከረክረው ጀመር።

«ማማ፣ አንቺ እንግዳችን ነሽ» አለ። «እኛ የምንፈልገው አንቺን አይደለም፣ ምዋሊሙን ነው። ወጣቶቹን አዳራሹ ውስጥ ይሰበስብ እንደነበር፣ ትምህርቱ ሽፋን እንደነበር ትፈርሚያለሽ። ቤቱን ታሳዪናለሽ። ከዚያ ትሄጃለሽ።»

«ወጣት እኮ አናስተምርም» አልኩት። «ተማሪዎቼ አያቶች ናቸው።»

«ቤቱን ታውቂዋለሽ?»

አውቀዋለሁ። ባለቤቱ የሠራችውን ኡጋሊ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ በልቼበታለሁ፤ ትንሹ ልጁ ጭኔ ላይ ተኝቶበታል። ዓይኔን ከካርዱ ላይ አላነሳሁም።

«ልጅሽም ያለችው በዚሁ ወረቀት ላይ ነው» አለና ካርዱን ማሽከርከሩን አቆመ። «ወረቀት ሲሰረዝ የሁለታችሁም ነው። ወደ ሞያሌ የሚወስደውን መንገድ ታውቂዋለሽ። እስከ ነገ አስቢበት።»

ሻዩን አልጠጣሁትም።

ከሰዓት በኋላ ልጄ መጣች። በብረቱ መሀል ዳቦና የታሸገ ውሃ አቀበለችኝ። እዚህ ነው ያደገችው፤ ስትደነግጥ ቋንቋዋ ይደባለቅባታል።

«ማሚ፣ ነግረውኛል» አለች። «ፕሊዝ፣ ፈርሚ። ጀስት ሳይን። እሱ ኬንያዊ ነው፣ አገሩ ነው፣ ምንም አይሆንም። እኛ ግን የት እንሄዳለን?»

«ያልሆነውን ነው ፈርሚ የሚሉኝ።»

«አይ ዶንት ኬር! ሰኞ ፈተና አለኝ። ቤት ብቻዬን ነኝ። ጎረቤቶቹ አያናግሩኝም።» ብረቱን ያዘች። «ለእኔ ስትይ።»

ልጅ ለእኔ ስትይ ስትል እናት የምትመልሰው አንድ መልስ ነው። እኔ ያን መልስ አልመለስኩላትም። «እስኪ ነገ ይድረስ» አልኳት። ዓይኗን ሳትጠርግ ዞራ ሄደች፤ እኔም የሄደችበትን እያየሁ ዳቦውን ይዤ ቆየሁ። በኋላ ቆርሼ ለክፍሉ አከፋፈልኩት።

ዝናብ ጀምሮ ነበር። ቲማቲም ሻጯ ዳቦዋን እያኘከች ወደ መስኮቱ ቀና አለች።

«ይኼኔ ቤቴ ይነዝራል» አለች።

«ምኑ?»

«ግድግዳው። የቆርቆሮ ቤት ነው። ዝናብ ሲሆን የነካሽው ነገር ሁሉ ይነዝርሻል። የልጅ ልጄን በሩን በዱላ ክፈት ብዬ አስተምሬዋለሁ።» ነገሩን የምትናገረው ስለ ጎረቤት ድመት እንደሚያወራ ሰው ነበር።

ምን ዓይነት መስመር እንዳላት ጠየቅኳት። ከጎረቤት የተሳበ፣ ሁለት ሽቦ ብቻ። ሦስተኛውስ? ሦስተኛ የሚባል የለም። ስለ ፈተናና ስለ ሞያሌ ያሰብኩትን ሁሉ ለጊዜው ረሳሁት። የገላ ሳሙና ቁራሽ ነበረችን። ተነስቼ ጨለም ባለው ግድግዳ ላይ ቤት ሣልኩ፤ ጣሪያ፣ በር፣ ቆጣሪ። ከዚያ ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ፣ ፌዙን፤ ከዚያ የሚመልሰውን፣ ኒውትራሉን። ስዋሂሊዬ ሲያጥረኝ ተማሪዋ በእንግሊዝኛ ያልኩትን ወደ ስዋሂሊ ትመልስልኛለች። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየተጠጉ መጡ። መጀመሪያ ከመሰልቸት ነው፤ ቀጥሎ ግን ጥያቄ ይመጣ ጀመር። ፀጉር ቤት ያላት አንዷ የፀጉር ማድረቂያዋ ለምን ፊውዝ እንደሚያቃጥል ጠየቀች። ሌላዋ ወንድሟ በቤት መብራት እንደሞተ ተናገረች። ከዚያ በኋላ የቀለደ ሰው የለም።

በሩ ተከፈተ። ቁልፍ የያዘችው ጠባቂ ፖሊስ ናት። ግድግዳውን አየች።

«ይኼ ምንድነው? አጥፊው!»

ሴቶቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ።

«አጠፋዋለሁ፣ አፋንዴ» አልኳት፤ እዚህ ፖሊስ የሚጠራው እንዲህ ነው። «መጀመሪያ ግን ግራውንዱን ልጨርስ።»

«አሁን ነው ያልኩሽ።»

«እስካሁን ያሳየኋቸው መብራት እንዴት እንደሚመጣ ነው። ሰው እንዳይገድል የሚያደርገው ሽቦ ይቀራል። እዚህ ላይ ካቆምኩ ቤታቸው ሄደው ይሞክሩታል። ግማሹን አስተምሬ አልተውም።»

ድምፄ አልጨመረም፤ ሳስተምር የክፍሉን በር የሚያንኳኳ ሰው ሲመጣ እንደምለው ነበር ያልኩት። ጠባቂዋ ወደ ኮሪደሩ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ቁልፎቿን በመዳፏ ጨበጠቻቸው፣ ድምፅ እንዳያሰሙ ይመስለኛል፣ በሩንም ተደግፋ ቆመች።

ሦስተኛውን መስመር ሳብኩ። እኛ ግራውንድ የምንለውን እዚህ ኧርዝ እንደሚሉት፣ አረንጓዴና ቢጫ እንደሆነ፣ ከቆርቆሮው ተነስቶ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር መገናኘት እንዳለበት አስረዳሁ። የቆርቆሮ ግድግዳ ከነዘረ ማንም ራሱ እንዳይነካካው፣ መጀመሪያ ዋናው እንዲጠፋ፣ ከዚያ ባለሙያ እንዲጠራ ነገርኳቸው። ቲማቲም ሻጯን ደግመሽ ንገሪኝ አልኳት። ደገመችው። አንድ ቦታ ስትስት ያረመቻት ተማሪዋ ነበረች።

«እሺ፣ አሁን ይበቃል» አለች ጠባቂዋ።

ሻሼን አርጥቤ ግድግዳውን ጠረግኩት። በሩን ስትዘጋ ግን አልቸኮለችም።

በማግሥቱ ባለ ሹራቡ ሰውዬ ወረቀቱን አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። እስክሪብቶውን አቀበለኝ። ተቀበልኩና ወረቀቱ ላይ አስተኝቼ ወደሱ መለስኩለት።

«ያላየሁትን አልፈርምም» አልኩ። «ቤቱንም አላሳይም።»

«ልጅሽስ?»

«ልጄ ይህን አትሰማም ብለህ ነው? ትሰማለች። ትቆጣኛለችም።»

አልጮኸም፣ አልመታኝም። ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ካርዴንም አብሮ ከተተው።

ክስ ሳይመሠረትብኝ ለቀቁኝ፤ ጥቂት ቀን አቆይተው ነው፣ እሱም ያለ ማብራሪያ። በር ላይ የጠበቀኝ ያላሰብኩት ሰው ነበር፤ የኢስሊው ነጋዴ። ዝርዝሩን ከልጄ ሰምቶ ጠበቃ ይዞ መጥቶ በየቀኑ ይመላለስ ነበር አሉ። «ምን ነካሽ፣ ብትደውዪልኝ ምን ነበረበት?» ብሎ ተቆጣኝ፤ ስልኬ ፖሊሶቹ ዘንድ እንደነበር ረስቶት።

ሌሎቹ እንደየአቅማቸው ሆኑ። የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ አዳራሹን እንድንለቅ በትህትና ጠየቀን። ባለ ምግብ ቤቷ ምግብ ልካለች፣ ራሷ ግን አልመጣችም፤ ፈቃዷን የሚያድሱላት ሰዎች እነማን እንደሆኑ አውቃለሁና አልተቀየምኳትም። ከሩንዳው ሰው ድርጅት ደብዳቤ መጣ፤ ሁኔታው እስኪረጋጋ ድጋፉ እንደሚቆም የሚገልጽ። እስካሁን እየተረጋጋ ነው መሰለኝ። ምዋሊሙ ገጠር ዘመዶቹ ጋ ሰንብቶ ተመለሰ። ፖሊሶቹ ጠርተው ጠየቁት፣ ለቀቁት፤ የሚያስተምርበት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ግን ኮንትራቱን አላደሰለትም። ምን ፈርሚ እንደተባልኩ የሰማው ከሌላ ሰው ነው። ቤቴ መጥቶ «አሳንቴ» አለ፣ አመሰግናለሁ፤ ሌላ አላለም፣ እኔም ሌላ እንዲል አልፈለግኩም። ፖሊሶቹ ባስቀሩት ካርዴ ፈንታ ብዙ ቢሮ ደጅ ጠንቼ አዲስ አወጣሁ።

ልጄ ግን ለረጅም ጊዜ ቂም ያዘች። ፈተናውን ወደቀች፣ በሚቀጥለው ተርም ደገመችው። አንድ ቤት እየኖርን ስንፈልግ እንኳ ስለዚያ እሑድ ማውራት አልቻልንም። ልክ ነበርኩ ብዬ ላስረዳት ሞክሬ አላውቅም። ልክ መሆን ለሌላው ሰው ዳቦ አይሆነውም።

አሁን የምናስተምረው ኢስሊ፣ ከነጋዴው ሱቅ በላይ ባለ መጋዘን ነው። ስንጀምር ሦስት ሰው ብቻ ነበር የመጣው። አሁን ወንበር እንዋሳለን። ከሱቁ ደንበኞች መካከል ኮንትራክተሮች አሉ፤ ዕቃ ሊገዙ ሲመጡ ፎቅ ወጥተው ሠራተኛ ይጠይቃሉ። የተፈረመ ወረቀት የለንም፣ የተሰቀለ ጨርቅም የለንም።

በቀደም ልጄ ሳልጠይቃት ቅዳሜ ተከትላኝ መጣች። ስዋሂሊሽ ያሳፍራል፣ እኔ ልተርጉምልሽ አለችኝ። አጠገቤ ቆማ ስትተረጉም አንዲት አዲስ ተማሪ በር ላይ ቆም አለች፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ወሬው ደርሷት ኖሮ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ ጠየቀች።

«እዚህ ፖሊስ ይመጣል ይባላል፣ እውነት ነው?»

ምን ልበላት እያልኩ ቃል ስመርጥ ልጄ ቀደመችኝ።

«ሊመጣ ይችላል» አለቻት፣ ወንበር እየሳበችላት። «ግቢና ቁጭ በይ። ጀምረናል።»