እግሩ መሬት የተቀበረ የዓሣ ገንዳ

የምሠራበት ሱቅ ማቀዝቀዣ እያጉረመረመ ሲነሳ፣ እጄ ሳላዘው ወደ ጎኔ ይዘረጋና የሌለ ሕፃን ይፈልጋል። ድምፁ ልጅ ሳለሁ፣ ሐይቅ አጠገብ ባለችው ከተማችን ሲቀላ ሰፈር በነበረው ቤታችን፣ ለዓሦቹ አየር ይነፋ የነበረውን ትንሽ ሞተር ይመስላል፤ ያ ሞተር ሲሠራ ታናሽ ወንድሜ በረከት የት እንዳለ ሳላይ መቀመጥ አልችልም ነበር።

የመስታወት ገንዳው የመጣው በበጋ ነው። ከሰሜን መጥተው በዞኑ መሥሪያ ቤት ይሠሩ የነበሩት ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ተዛውረው ሲሄዱ፣ ጋቢያቸውን ሁልጊዜ ይሸምንላቸው ለነበረው ለአባቴ ከነዓሦቹ ሰጡት፤ ማስቀመጫው ግን ከግድግዳቸው ጋር የተሠራ ስለነበር እዚያው ቀረ። አባቴ የዶርዜ ሰው ነውና መሬት ያልያዘን ነገር ቆሟል አይልም፤ አራት የባሕር ዛፍ እንጨቶች ቆርጦ፣ የአፈር ወለላችንን ቆፍሮ፣ እንደ ቤት ምሰሶ ቀበራቸው፣ ጣውላ መታባቸውና ገንዳውን አስቀምጦ ውሃ ሞላው። ጎረቤቶች ሊያዩ እየመጡ «ሰው ከሐይቁ አውጥቶ ይጠብሳል፣ አንተ ትቀልባለህ?» እያሉ ያሾፉበት ነበር፤ እሱም «የእኔዎቹ እንግዶች ናቸው» ይላቸው ነበር። የክፍሉን ግማሽ የሽመና ዕቃው ስለያዘው፣ በረከት የሚተኛባት ምንጣፍ ከገንዳው ሥር ነበረች።

የበልግ ዝናብ ሲመጣ ወለሉ ረጠበ፣ ምስጥም ወጣ። የገንዳው ውሃ በአንድ በኩል ወደ መስታወቱ አፍ ተጠግቶ፣ በሌላው በኩል ዝቅ ብሎ አየሁት። ያኔ እንግዳ ሲመጣ በር ጀርባ የምሸሸግ ልጅ ስለነበርኩ፣ አባቴ እስኪወጣ ጠብቄ ለእናቴ በጆሮዋ «እማ፣ ውሃው ተንጋዷል» አልኳት። ሲመለስ እናቴ መፍተሏን ትታ «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ነገር ከልጄ ራስ ላይ አንሳልኝ» አለችው።

«የአያቴን ቤት ስንት ጊዜ ምስጥ በላው? ከሥሩ እየቆረጡ ይኖሩበታል እንጂ ይጥሉታል?» አለና፣ እዚያ ደጋው ላይ የቀርከሃ ቤታቸውን እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ ውሃውን ቀድቶ፣ ምስጥ የበላውን የእንጨቶቹን ጫፍ ቆርጦ መልሶ ቀበራቸው። ቤት ቢያጥር ሰው ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ ገንዳው ሲያጥር ግን ጣውላው፣ ገና መቆም ይለማመድ የነበረው በረከት እጅ ደረሰ።

ያን ክረምት አንድም ቀን እፎይ አላልኩም። ውሃ ልቀዳ ሄጄ በሩጫ እመለስ ነበር። በረከት ጣውላውን ይዞ ይቆማል፣ አነሳዋለሁ፣ ያለቅሳል፣ ሳስቀምጠው እየዳኸ እዚያው ይመለሳል። መስቀል ሲቃረብ ደግሞ የጋቢ ትእዛዝ ስለሚበዛ አባቴ ከጠዋት እስከ ማታ ይሸምን ነበር፤ ክሩን በመታ ቁጥር ወለሉ ይነዝራል፣ ውሃው ይንቀጠቀጣል፣ በረከትም ጣውላውን እንደያዘ በምቱ ይጨፍራል። እናቴ ስትቆጣ አባቴ «መስቀል ይለፍና አነሳዋለሁ» ይላት ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሊጸልዩልን መጡ። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ፤ እኔ ግን መጨፈን አልቻልኩም። በረከት እየዳኸ ሄዶ ጣውላውን ይዞ ሲነሳ፣ በእሱ በኩል ያለው የገንዳው እግር ቀስ እያለ ሲሰምጥ አየሁ። «አባ» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። ጸሎቱ ቀጠለ። በሽማግሌዎቹ መካከል ተሽሎክልኬ፣ የአንዱን ጫማ ረግጬ፣ በረከትን ከኋላው አቅፌ ጎተትኩት፤ እሪ አለ፣ እናቴም ዓይኗን ሳትገልጥ «ይህቺን ልጅ ዛሬ ምን ነካት» ስትል ገንዳው ወረደ። የሌሎቹ ዓይን የተገለጠው ውሃው እግራቸውን ሲያርስ ነው። መስታወቱ በረከት ይተኛባት በነበረችው ምንጣፍ ላይ ተሰባብሮ ነበር።

ዓሦቹን በሳፋ ለቃቀምናቸው። አንደኛው ሽማግሌ ካልሲያቸውን እየጨመቁ «አሜን ሳንል ነው እኮ የቀረነው» አሉ፣ እናቴም በረከትን አጥብቃ ይዛ እያለቀሰች ሳቀች። አባቴ ቁጭ ብሎ የወደቀውን እንጨት ሲነካው በጣቶቹ መካከል እንደ ዱቄት ፈረሰ።

«ለምን አልጮህሽም?» አለኝ።

«እየጸለያችሁ ነበር።»

አባቴ እንጨቱ የወጣበትን ጉድጓድ በእጁ አፈር እየመለሰ ደፈነው።

ዛሬ የዚያ ቤት ወለል ሲሚንቶ ሆኗል፣ አባቴም እዚያው ይሸምናል። በረከት ባጃጅ ይነዳል፤ ቀኑን ሙሉ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ሰፈር የሚወስደውን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ሲዘገይብኝ እደውልለታለሁ፣ «እህቴ፣ አሁንም ልጅ ነኝ?» ብሎ ይስቅብኛል። ያኔ የምፈራው ነገር በአንድ ጥግ የቆመ ስለነበር ሄጄ አየው ነበር። አሁን ከየት በኩል እንደሚመጣ አላውቅም፣ ወንድሜም አንስቼ ሌላ ቦታ የማስቀምጠው ልጅ አይደለም።